ከዛሬ በኋላ ማን ይፈራናል?

ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። ክፍልፋይ መደመር። ግማሹ ተማሪ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ይደምራል፤ የቀረው ከጎረቤቱ ይኮርጃል። በሩ ተንኳኳ። ርዕሰ መምህርቷ ናቸው። «መምህር፣ ሁለት ደቂቃ ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። እኔ የማውቃቸው ርዕሳነ መምህራን በር ከፍተው ነበር የሚገቡት። ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ ጥግ ፈቀቅ አልኩ።

ቀጥ ብለው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄዱ። እዚያ የሚቀመጠውን ልጅ ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ስታፍ ውስጥ ስሙ ሳይነሳ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። በዋዜማው የቤተ ሙከራው መስኮት ተሰብሮ «እሱ ነው» የሚል ጥቆማ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን ከትምህርት እንዲታገድ ተወሰነበት። ማንም አልተገረመም። እሱ ራሱ እንኳ ብዙም የተገረመ አይመስልም ነበር።

«ትናንት መስኮቱን ሰብረሃል ብዬ ቀጥቼህ ነበር» አሉት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። «አልሰበርክም። የሰበረው ሌላ ልጅ መሆኑን ዛሬ ጠዋት አጣርቻለሁ። አንተን ሳልጠይቅ ነው የወሰንኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ። ከመዝገቡ ላይ ሰርዤዋለሁ።» ትንሽ ቆም አሉና ጨመሩ፦ «ትናንት ሳታስፈቅድ ከግቢ የወጣኸው ግን ለብቻው ነው። እሱን ከትምህርት በኋላ ቢሮ መጥተህ እናወራለን።»

ልጁ የሚያይበት ጠፋው። ማስመሪያውን በዴስኩ ስንጥቅ ከትቶ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋል። ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እሳቸው «አመሰግናለሁ መምህር» ብለው ወጡ።

ትምህርቱን ቀጠልን። የኔ ሐሳብ ግን በሩ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት ዲሲፕሊን ወሬ በተነሳ ቁጥር ወደዚያች ንግግር እመለሳለሁ፦ «አንተን ሳልጠይቅ ነው የወሰንኩት።»

## የስታፉ ፍርድ

በእረፍት ሰዓት ወሬው ቀድሞኝ ስታፍ ደርሷል። አንዷ መምህርት «እውነት ተንበርክካ ነው ይቅርታ የጠየቀችው?» አለችኝ። ወሬ እየሄደ ይወፍራል።

ከሁሉም የከረረው የአንጋፋው መምህራችን ነገር ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ከዛሬ በኋላ ማን ይፈራናል?» አሉ፣ ሻያቸውን ሳይነኩ። «ልጁ አሁን ጀግና ሆነ። ነገ አንተ ስትቀጣው "ዳይሬክተሯም ተሳስተዋል፣ አንተም ተሳስተህ ይሆናል" ይልሃል። ይቅርታ መጠየቅ ካማራት ቢሮዋ ጠርታ፣ በሯን ዘግታ ለምን አትጠይቀውም?»

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በከፊል። ጋሼ ጨካኝ ሰው አይደሉም። ተማሪ መምህር ላይ እጁን ሲያነሳ ዓይናቸው አይቷል። ግቢ ከእጅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጎዱት ጸጥተኞቹ ልጆች መሆናቸውን ያውቃሉ። ለምለም ለምለሙን እያወሩ ሕግ የማያስከብሩ ርዕሳነ መምህራንንም አይተዋል። እኔም አይቻለሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ጉልበተኛው ነው ርዕሰ መምህሩ።

ደግሞም ከእኚህ ሴትዮ በፊት የነበሩት ርዕሰ መምህር በትክክል ጋሼ የሚወዱት ዓይነት ነበሩ። ድምፃቸው ከዋናው በር ይሰማል። ሲመደቡ ግቢው የጎረምሳ መፈንጫ ነበር፤ ደወል ቢደወል የሚሰማ የለም። በአንድ ወሰነ ትምህርት ጸጥ አሰኙት። ይህን መካድ ግፍ ነው። ወላጆች እፎይ ብለዋል፤ እኛም እፎይ ብለናል።

ችግሩ ስብሰባ ሲሄዱ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የመኪና ማቆሚያውን ነው። ያቺ ግራጫ መኪና ካለች ሕግ አለ። ከሌለች ከምሳ በኋላ በኮሪደሩ ማለፍ በራሱ ጀብዱ ነው። ሰውዬው ሲዛወሩ ደግሞ ዲሲፕሊኑም አብሮ ተዛወረ።

## ሰባት ክፍለ ጊዜ፣ ሰባት ሕግ

ስለ ርዕሰ መምህር ጥንካሬ ስናወራ ስለ ልጆቹ ዕድሜ አናወራም። መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ገና ትናንት ከአንደኛ ደረጃ ነው የመጣው። እዚያ አብዛኛውን ቀን የሚውለው ከአንድ መምህር ጋር ነው። የዚያን መምህር ፊት ያነባል፤ ምን እንደሚያስቆጣውና ምን እንደሚያስቀው ያውቃል። በአንድ ክረምት ይህ ሁሉ ይቀየራል። አሁን በቀን ስድስት ሰባት መምህር ይገባበታል።

እያንዳንዳችን ደግሞ የየራሳችን ሕግ አለን። እኔ ክፍል ውስጥ ሳይፈቀድለት የተነሳ ልጅ ችግር የለበትም፤ ቀጥላ የምትገባው መምህርት ጋ ግን ያስወጣዋል። አንዱ ማርፈድን በዝምታ ያልፋል፣ ሌላው ሰዓቱን ሙሉ ውጭ ያቆማል። ልጁ በየአርባ ደቂቃው ድንበር ይሻገራል። ከዚያ እኛ ስታፍ ተቀምጠን «የዘንድሮ ልጆች ሕግ አያውቁም» እንላለን። የትኛውን ሕግ?

ጃክሊን ኤክልስና ካሮል ሚድግሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ጉዳይ ለየት ባለ መንገድ አስቀምጠውት ነበር። የዚህ ዕድሜ ልጅ የራሱን ውሳኔ መወሰን ይፈልጋል፤ ከወላጅ ሌላ የሚያምነው አዋቂም ይሻል። የሚገባበት ትምህርት ቤት ግን ቁጥጥሩን ያጠብቅበታል፤ ከመምህሩ ጋር ያለውን ቅርበት ደግሞ ያላላበታል። ልጁና ትምህርት ቤቱ ይተላለፋሉ። ብዙው «የጉርምስና ችግር» የምንለው ነገር ከዚህ መተላለፍ የሚመጣ ነው ይላሉ። እኔ በሙሉ አልስማማም፤ ሆርሞንም የራሱን ይሠራል። ግን የኛን ስንፍና ለመሸፈን «ዕድሜው ነው» የምንለው ብዙ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

የጓደኛ ነገርም አለ። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 ባወጡት ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችንና አዋቂዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫወቱ። አጠገባቸው እኩዮቻቸው ሲኖሩ ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ይበልጥ በድፍረት ነዱ። አሁን ይህን ይዘን ወደ ኮሪደር እንሂድ። ርዕሰ መምህር አንድን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲጮህበት የሚያወራው ከልጁ ጋር ይመስለዋል። ልጁ ግን መልስ የሚሰጠው ለጓደኞቹ ነው። እንግዲህ ማን ያሸንፋል?

ስለዚህ የመካከለኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ሥራ የጀግና ሥራ አይመስለኝም። ሰባቱን ሕግ አንድ ማድረግ ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ሌላ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። እኔ የኔን ክፍል ብቻ ነው የማዘው። ምክትሉ የሚያዘው ርዕሰ መምህሩ የፈቀደለትን ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ የሚባለው እንዲሁ ለመተቸት ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱም ከየት እንደሚጀምር ይጠቁማል።

ሕጉን አንድ ያደረገ ሰው ግን አንድ ዕዳ ይገባበታል። ሕጉ እሱንም ይይዘዋል። ተማሪዎች ይህን በሦስተኛው ሳምንት ያውቃሉ። የሚፈትሹት ነገር ቀላል ነው፦ ይሄ ሰውዬ የሚቀጣን በሕጉ ነው ወይስ በጠዋቱ ስሜቱ?

## ዱላ የያዘው ርዕሰ መምህር

«ጠንካራ ርዕሰ መምህር» ሲባል በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው ጆ ክላርክን ነው። በ1982 በኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ከተማ የሚገኘውን ኢስትሳይድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተረከበ። አደንዛዥ ዕፅና ጠብ የነገሠበት ግቢ ነበር። ክላርክ የቤዝቦል ዱላና የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ በኮሪደሩ ይዞር ነበር። በአንድ ቀን ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችን አባረረ። ግቢው ጸጥ አለ። በ1988 የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ዱላውን ይዞ ወጣ፤ በዓመቱ ፊልም ተሠራለት።

ሰውዬውን ማጣጣል አልፈልግም። ዛሬም ድረስ «ሕይወቴን ያተረፈልኝ እሱ ነው» የሚሉ የቀድሞ ተማሪዎች አሉት። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ሁሉም ዱላውን አየ፣ 300ዎቹ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ ይዞ ትምህርት ቤት የተገኘ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ለጦር መሣሪያ የተባለው «ዜሮ ትዕግሥት» ቀስ በቀስ ወደ ጠብ፣ ወደ ስድብ፣ ወደ መታዘዝ እምቢታ ወረደ። የአገሪቱ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል በ2008 ማስረጃውን ሲመረምር ይህ አካሄድ ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ እንዳደረገ የሚያሳይ ነገር አላገኘም።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ነው፤ የሚያወራው በቀጥታ ስለ መካከለኛ ደረጃና ስለ ርዕሳነ መምህራን ስለሆነ። በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት አካባቢ በ2002 የትምህርት ቤቶች ክልል እንደ አዲስ ተከለለ። ትናንት አንድ ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ጎረቤታሞች በመስመር ተለይተው ሌላ ሌላ ቦታ ተመደቡ። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን እስከ አዋቂነታቸው ተከታተሏቸው። እገዳ የሚያበዛ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች፣ የትምህርት ቤቱ የእገዳ መጠን በአንድ መደበኛ ልዩነት (ትምህርት ቤቶች ከአማካዩ በሚርቁበት የተለመደ መጠን) ከፍ ባለ ቁጥር፣ አድገው የመያዝና የመታሰር ዕድላቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ርዕሰ መምህር ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲቀየር የሚሆነውንም ለብቻው አዩ። ያም ወደዚያው መደምደሚያ መራቸው።

ጋሼ ይህን ባነብላቸው የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ። «ታዲያ የሚረብሸው ልጅ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ የሌሎቹ አርባ ልጆች ዕጣስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ልጅ ክፍሉን ሙሉ ሲያምስ ማስወጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። እኔም አስወጥቻለሁ፤ ነገም አስወጣለሁ። እገዳ አይኑር የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ክርክሬ ሌላ ነው። የቅጣት ብዛት የጥንካሬ መለኪያ ሲሆን፣ ርዕሰ መምህሩ ማጣራት ያቆማል። ማጣራት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ደካማ ያስመስላል።

## አራቱ ዳኞች

በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ክስ አለ። በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ረብሻ ይነሳል፤ ንብረት ይሰበራል። ድዋይት ሎፔዝ የተባለ ተማሪ በዕለቱ ከታገዱት አንዱ ሆነ። በዚያ ቀን ከዚያው ትምህርት ቤት ቢያንስ 75 ሌሎች ተማሪዎች ታግደዋል። ልጁ እኔ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት ይላል። ምን አደረግክ ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጠበቃ ይቁምለት አላለም። ተማሪው ምን ተብሎ እንደተከሰሰ ይነገረው፤ ከካደ ማስረጃው ይነገረው፤ የራሱንም ወገን ይናገር። ለአጭር እገዳ ይህ እዚያው በቁም፣ በጥቂት ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። ያም ሆኖ ውሳኔው ያለፈው በአምስት ለአራት ነው። አራቱ ዳኞች ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ እጁን ካስገባ የመምህራን ሥልጣን ይሸረሸራል ብለው ሠጉ። ከዘጠኝ ዳኞች አራቱ ጋሼ ጋር ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በሳቅ አላልፈውም።

ግን ጥያቄውን ከሌላ ወገንም ማየት ይቻላል። ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት ሥራ በመካከለኛ ደረጃ ያሉ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ቅጣቱ ለሁሉም እኩል አይደለም ብለው ያመኑ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች በተለይ ሰባተኛ ክፍል ላይ በትምህርት ቤቱ ላይ ያላቸው እምነት ይወርዳል። እምነቱ የወረደበት ልጅ በቀጣዩ ዓመት የዲሲፕሊን ችግሩ ይጨምራል፤ ውጤቱ እስከ ኮሌጅ መግቢያ ድረስ ይታያል። ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ልጅ ቀጥሎ የሚያደርገውን እኔም አውቃለሁ። «ለካ ባጠፋም ባላጠፋም ያው ነው» ይላል፣ ከዚያ በእርግጥ ያጠፋል።

በነገራችን ላይ፣ በ2016 የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት በአምስት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ የሒሳብ መምህራንን ብቻ መርጦ ነበር። ለምን እኛን እንደመረጡ አላጣራሁም፤ እገምታለሁ። መምህራኑ ያጠፋ ተማሪን ለመቅጣት ከመቸኮል ይልቅ ነገሩን በልጁ ዓይን እንዲያዩና ግንኙነታቸውን እንዳይበጥሱ የሚያግዝ አጭር ልምምድ በኢንተርኔት ወሰዱ። የነሱ ተማሪዎች በዓመቱ የታገዱበት መጠን 4.8 በመቶ ሆነ፤ ልምምዱን ያልወሰዱት መምህራን ተማሪዎች ደግሞ 9.6። በግማሽ ማለት ነው። ለልጆቹ የተሰጠ አንድም ምክር የለም። የተለወጠው አዋቂው ነው።

ያ የመስኮቱ ልጅ ከትምህርት በኋላ ቢሮ መጣ። አንድም ሰው አልጠራውም። ከግቢ ለመውጣቱ የሚገባውን ቅጣት ተቀበለ፤ «እኔ አይደለሁም ቲቸር!» የምትለውን የዘወትር ዜማ ሳያሰማ። አንድ ልጅ አንድ ቀን ዝም ስላለ ቲዎሪ አይገነባም። ደግሞ በሳምንቱ በሌላ ነገር ተይዟል። ግን ያን ቀን አልተከራከረም።

## ቅጹ

እኚህ ሴትዮ ጩኸት አይወዱም እንጂ ለስላሳ ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ ቅጹን ይጠይቀን። ከመጡ ብዙም ሳይቆዩ ተማሪ ወደ ቢሮ የሚልክ መምህር የሚሞላው ግማሽ ገጽ ቅጽ አወጡ። ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን አደረገ፣ መምህሩ ከመላኩ በፊት ምን ሞከረ። ከታች ሦስት መስመር ባዶ ቦታ፦ «የተማሪው መልስ»። ስታፍ ውስጥ የተነሳውን ማጉረምረም አልነግራችሁም። «እኛ መምህር ነን ወይስ ፖሊስ?» ተባለ። እኔ ራሴ አንዴ «ምን ሞከረ» በሚለው ቦታ «ትዕግሥት» ብዬ ጽፌያለሁ። መልሰው ላኩልኝ።

በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ቅጾቹን በሰዓትና በቦታ ደልድለው፣ የመምህራን ስም ሳይጠቅሱ፣ ስብሰባ ላይ አስቀመጡልን። እኛ ችግሩን በልጆች ስም ነበር የምናውቀው፤ እገሌና እገሌ። ወረቀቱ ግን ሰዓት ነበር የሚያሳየው። አብዛኛው ጠብና ስድብ የተመዘገበው ከምሳ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ ያውም በመግቢያው ደቂቃዎች ነው። ቦታው ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር። ለምን? ደወል ተደውሎ ልጆቹ የተቆለፈ በር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። እኛ ምሳ ላይ ነን። መቶ ምናምን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አዋቂ በሌለበት ጠባብ ቦታ ላይ ከቆመ ምን ይጠበቃል?

ስብሰባው ጸጥ አለ። ማንም ስሙ አልተጠራም፤ ሁሉም ግን ራሱን አወቀ። ከዚያ በኋላ መመሪያው አጭር ነበር፦ ከደወል በፊት እያንዳንዱ መምህር በሩ ላይ። እሳቸው ደረጃው ላይ። በዝናብም፣ እንግዳ ቢኖርም። ለተማሪ የማርፈጃ ቅጣት ካለ ለመምህርም መጠየቂያ አለ። ጋሼን ጨምሮ ያረፈደ ሁሉ ተጠይቋል።

ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ በ1979 ያሳተሙት የለንደን ጥናት ላይ ይህን የሚመስል ነገር አለ። 12 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለዓመታት አጥንተው፣ ተመሳሳይ ልጆች እየገቡባቸው ውጤታቸው የተራራቀ ሆኖ አገኙት። ልዩነቱን ከፈጠሩት ነገሮች መካከል መምህራን ክፍለ ጊዜውን በሰዓቱ መጀመራቸው፣ ተማሪን ማመስገናቸው፣ የሥነ ምግባር ደንቡም ለእያንዳንዱ መምህር ከመተው ይልቅ የትምህርት ቤቱ የጋራ መሆኑ ይገኙበታል። ጄኮብ ኩኒን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1970 ክፍል በመምራት የተዋጣላቸውንና ያልተዋጣላቸውን መምህራን ሲያነጻጽር፣ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ በሚያደርጉት ነገር ብዙም አይለያዩም ብሎ ነበር። የሚለያዩት ከዚያ በፊት ነው። የተሳካላቸው ክፍሉን በሙሉ ያያሉ፤ ተማሪዎቹም መታየታቸውን ያውቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን እኛ በቃል እንደግመዋለን እንጂ በር ላይ ቆመን አናውቅም ነበር።

የቅጹ ሌላ ጥቅም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ብዙ ትምህርት ቤት ጥፋት አይመዘግብም፤ መዝገቡ ከበዛ ትምህርት ቤቱ መጥፎ ይመስላላ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው ነገሩ። ያልተጻፈ ቅጣት አይመረመርም፤ የተሳሳተም እንደሆነ የሚሰረዝበት ቦታ የለውም። ሴትዮዋ ያን ቀን «ከመዝገቡ ላይ ሰርዤዋለሁ» ማለት የቻሉት መዝገብ ስለነበራቸው ነው።

## ልጁ ሲመለስ

ባለፈው ዓመት ሌላ ልጅ በእውነት ታገደ። ሽንት ቤት ውስጥ ከሱ የሚያንስ ልጅ ደብድቦ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ የተመታውን ሰሙ፣ የመታውን ሰሙ፣ ያዩትን ሦስት ልጆች ለየብቻ ጠየቁ። በዚያው ቀን ወሰኑ። ከሰዓት በኋላ አባትየው መጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለማን ለማን መደወል እንደሚችል ዘረዘረ። ለሌላ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ነበርኩና ሰማሁ። እሳቸው ስሙን ጠርተው፣ በአክብሮት፣ «ልጅዎ የተናገረውን ላንብብልዎት» አሉትና ሦስቱን መስመር አነበቡለት። ልጁ መምታቱን አምኗል። አባትየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። መንገድ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ቅጣቱ ግን በአንድ ቀንም አልተቀነሰም።

ይህ ጠንካራ ነው አይደል? ጋሼም ያን ቀን «አንጀቴን አራሰችው» ብለዋል። እኔ ግን ከይቅርታው ጋር አንድ ሆኖ ነው የሚታየኝ። በሁለቱም ጊዜ ልጁ ተጠይቋል፤ በመጀመሪያው ዘግይቶ፣ በሁለተኛው በጊዜው። ያቺ የመስኮት ስህተት ባትኖር ሦስቱ መስመሮች ቅጹ ላይ ይህን ያህል በጥንቃቄ ይሞሉ ነበር ብዬ አላምንም።

ስለ እገዳ ስንከራከር የሚረሳው የመመለሻው ቀን ነው። ልጁ ይታገዳል፣ ቀኑ ይሞላል፣ አንድ ጠዋት ብቅ ይላል። ክፍሉ ወደፊት ሄዷል። የተመታው ልጅ እዚያው ነው። መምህሩ «ደሞ መጣህ?» ይለዋል። ከዚያ በሳምንቱ ተመልሶ ሲታገድ እንገረማለን። እሳቸው የመመለሻ ውይይት የሚሉት ነገር አላቸው። ልጁ ከመግባቱ በፊት አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፦ ምን አመለጠህ፣ ከማን ጋር ትቀመጣለህ፣ እንደዚያ ዓይነት ነገር ሲመጣብህ ወደ ማን ትሄዳለህ። የተመታው ልጅ ቀድሞ ይጠየቃል፤ መቀመጫው የሚቀየረው እሱ ከፈለገ ብቻ ነው። መባረር ያለበት እሱ አይደለምና።

ሥራው ለአንድ ሰው ይበዛል። በዚያ ላይ ሪፖርት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ የሚጎበኝ እንግዳ አለ። ርዕሰ መምህርን የሚሾሙት ሰዎች ይህን ሁሉ ጭነው «ዲሲፕሊኑስ?» ይላሉ። ስለዚህ ዘንድሮ የመመለሻ ውይይቱን ለክፍል ኃላፊ መምህራን ማካፈል ጀመሩ። ለኔም ደረሰኝ። የመጀመሪያው ልጅ የመጣ ለት የምጠይቀውን በወረቀት ጽፌ ነበር የጠበቅኩት። ገና ወንበሩን ስስብለት «ቲቸር፣ ያመለጠኝ ፈተና አለ እንዴ?» አለኝ። ነበር። ማክሰኞ እንዲፈተን ተስማማን።